የዛገና የነከሰ የሳይክል ጫማ ብሎን እንዴት ይፈታል?

ጫማውን የላከልኝ ወንድሜ ነው። የሚኖረው ሜሪላንድ ነው። ሁለት ዓመት ነዳበትና ለእኔ ልክ እንደሚሆን ሲያውቅ በሰው ላከልኝ። ከላይ ሲታይ አዲስ ይመስላል። ገልብጬ ሶሉን ሳይ ግን ክሊቱ፣ ማለትም ጫማውን ከፔዳሉ ጋር የሚያያይዘው ቁራጭ፣ አልቋል፣ አራቱም ብሎኖች ቡናማ ሆነዋል። እዚያ በበረዶ ወራት መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ጨዉ ከውሃ ጋር እየገባ ብሎኖቹን በልቷቸዋል።

የመጀመሪያውን ብሎን በጉልበት ሞከርኩት። ቁልፉን ሰክቼ ስጠመዝዝ "ቀጭ" አለ። የተፈታ መስሎኝ ደስ አለኝ። ለካ የተላጠው የብሎኑ ራስ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስቱን ጊዜ ሰጥቼ፣ በቅደም ተከተል ሄጄ አንዱንም ሳላበላሽ አወጣኋቸው። ያበላሸሁትን ደግሞ ሰርስሬ አወጣሁት። ሁለቱንም መንገድ እዚህ አስቀምጣለሁ።

የሳይክል ጫማ እኛ ጋ እንደ ልብ አይገኝም። ብዙዎቻችን የምንነዳው ከውጭ በዘመድ በመጣ ወይም ሌላ ሰው በተጫማው ጫማ ነው። በአንዲት ትንሽ ብሎን ምክንያት ደህና ጫማ ሲጣል ማየት ያንገበግበኛል።

መጀመሪያ ጫማችሁን እወቁ

ሁለት ዓይነት በብዛት አለ። አንደኛው ባለ ሁለት ብሎን ነው። ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1990 ኤስፒዲ ብሎ ያወጣው ነው። ክሊቱ ትንሽ ብረት ሆኖ ሶሉ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ይቀመጣል። ለተራራ ሳይክልና ለከተማ የሚመረጠው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ተጫምተውት በእግር መሄድ ይቻላል። ሁለተኛው ባለ ሦስት ብሎን የአስፋልት ጫማ ነው። የዚህ ዓይነቱን ፔዳል ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 አወጣው። በዓመቱ በርናርድ ሂኖ ቱር ደ ፍራንስን ሲያሸንፍ እግሩ ሥር የነበረው ይኸው ፔዳል ነው። የዚህ ክሊት ትልቅና ፕላስቲክ ነው።

በሁለቱም ላይ ብሎኑ ብዙውን ጊዜ ኤም 5 ነው። ይህም ማለት ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ራሱ ላይ ያለችው ባለ ስድስት ጎን ጉድጓድ 4 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ ትቀበላለች።

ብሎኑ የሚታሰረው ከውስጥ፣ ከእግራችሁ ሥር ባለች ትንሽ የብረት ሳህን ላይ ነው። ዝገት ከብረቱ ራሱ የበለጠ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በብሎኑና በሳህኑ ጥርስ መካከል የነበረችውን ክፍተት ሞልቶ ያጣብቃቸዋል። ሳህኑ አልሙኒየም ከሆነ ነገሩ ይብሳል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሲነካኩ አንዱ ሌላውን ይበላል። ጨው የሚመጣው ደግሞ ከመንገድ ብቻ አይደለም። የእግር ላብም ጨው ነው፤ ከውስጥ በኩል በየቀኑ ይወርዳል።

ምን ያስፈልጋል?

ጥሩ 4 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ፣ ዝገት ፈቺ ዘይት፣ ወስፌ ወይም ወፍራም መርፌ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ትንሽ መዶሻ፣ ግራሶ፣ ጨርቅ። ነገሩ ከከፋ ጫፉ ኮከብ የሚመስል (ቶርክስ) ቁልፍ ቁጥር 25፣ የሚቆለፍ ፒንሳ፣ ሴጌቶ፣ ሊድ ማቅለጫ ካውያ፣ ትራፓኖና 5 ሚሊ ሜትር ፑንታ። የዓይን መከላከያ መነጽርም ያስፈልጋችኋል። የዛገ ብረት ሲመታና ሲቦረቦር ፍርፋሪው ይፈናጠራል፤ በዓይን ቀልድ የለም።

ሳትነኩት ምልክት አድርጉ

ክሊቱ የነበረበት ቦታ ከጠፋ ጉልበታችሁ ይነግራችኋል። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ፈቀቅ ቢል እንኳ ከረጅም ጉዞ በኋላ ጉልበት ማመም ይጀምራል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሶሉን ጥረጉና የክሊቱን ዙሪያ በማርከር ወይም በቀጭን የጥፍር ቀለም አስምሩ። የጥፍር ቀለም ዘይት ሲነካው እንደ ማርከር ቶሎ አይለቅም። በስልክም ፎቶ አንሱት። የእኔ ጫማ የሌላ ሰው እግር የለመደ ስለነበር ምልክቱ ብዙም አልጠቀመኝም። የራሳችሁ ጫማ ከሆነ ግን ይህን አትዝለሉት።

ጉድጓዷን እስከ መጨረሻ አጽዱ

ብዙ ሰው ቸኩሎ የሚያልፈው ይህን ነው። የእኔም የመጀመሪያ ብሎን የተበላው እዚህ ጋ ነው።

የብሎኑን ራስ ጠጋ ብላችሁ በስልክ መብራት እዩት። ባለ ስድስት ጎኗ ጉድጓድ ክብ መስላ ልትታያችሁ ትችላለች። ክብ የሆነችው ተበልታ ላይሆን ይችላል። አፈር፣ ደቃቅ ጠጠርና ዝገት ተጠቅጥቆባት ማዕዘኖቹ ተሸፍነው ይሆናል። ቁልፉ ሲገባ የገባ ይመስላል እንጂ የሚይዘው የላይኛዋን አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዚያ ላይ ጉልበት ሲጨመርበት ማዕዘኑ ይላጣል።

ወስፌውን ያዙና ከመሃል ጀምራችሁ ቆፍሩ። ከዚያ ስድስቱን ማዕዘኖች አንድ በአንድ ፋቁ። ጫማውን ገልብጣችሁ መታ መታ አድርጉት፤ አፈሩ ይራገፋል። ጠብታ ዘይት ጨምሩ፣ በጥርስ ብሩሹ እሹት፣ እንደገና ቆፍሩ። ዘይቱ ቡናማ ሆኖ መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ደጋግሙት። እኔ ለአንድ ብሎን 10 ደቂቃ ያህል ፈጅቶብኛል። በመጨረሻ ወስፌው የጉድጓዷን ጠፍጣፋ መሬት ሲነካ "ጭቅ" የሚል የብረት ድምፅ ይሰማል። ለስለስ ያለ ድምፅ ከሆነ ገና አፈር አለ።

ዝገቱ ደርቆ እምቢ ካለ ጥጥ አቼቶ ውስጥ ነክራችሁ ራሱ ላይ አድርጉና አሳድሩት። አቼቶ ዝገትን ያሟሟል። ወደ ጥርሱ ድረስ ግን አይደርስላችሁም፤ ጥቅሙ ለራሱ ነው። ጠዋት በውሃ አጥባችሁ አድርቁት።

ዘይትና ጊዜ

አሁን የውስጡን ሶል አውጡ። ከሥሩ ስስ ላስቲክ ወይም ተለጣፊ ወረቀት ልታገኙ ትችላላችሁ። እሱን ቀስ ብላችሁ ላጡት። የብሎኖቹ ጫፍና ያቺ የብረት ሳህን ይታያሉ። ብዙ ሰው ዘይት የሚጨምረው ከውጭ፣ በራሱ በኩል ብቻ ነው። የተጣበቀው ጥርስ ግን የሚቀርበው ከውስጥ ነው። ስለዚህ ከሁለቱም በኩል ጨምሩ።

ደብሊው ዲ 40 በየሱቁ ስለሚገኝ ሁሉም እሱን ያነሳል። እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሠራ የታሰበው ውሃን ለማባረር ነበር። ይረዳል፣ ከምንም ይሻላል። ለዝገት መፍቻ ተብሎ የተሠራ ዘይት ካገኛችሁ ግን እሱን አስቀድሙ። መካኒኮች አሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ቀላቅለው ይጠቀማሉ። ለሞተር ድንቅ ነገር ነው። ለጫማ ግን አልመክረውም። አሴቶን ማስቲሹን ያላቅቃል፣ ፕላስቲኩንም ይበላል። ብሎኑ ወጥቶ ሶሉ ቢላቀቅ ምን ዋጋ አለው?

ብዛት አያስፈልግም። በእያንዳንዱ ብሎን ሁለት ሦስት ጠብታ በቂ ነው። የተረፈውን ጥረጉ። ከዚያ ተዉት። ማታ ጨምሩ፣ ጠዋት ጨምሩ፣ እንደገና ማታ ጨምሩ። በመሃል የብሎኑን ራስ በመዶሻ ጫፍ ቀለል አድርጋችሁ ጠቅ ጠቅ አድርጉት። ንዝረቱ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል፣ ዘይቱም በስንጥቁ ይገባል። ሶሉ ካርቦን ከሆነ በጣም ቀስ በሉ። ጫማው ውስጥ የሚገባ እንጨት ከሥር ደግፉበት። የእኔ ሦስቱ ብሎኖች የተፈቱት በሁለተኛው፣ በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን ነው።

ቁልፉንና አያያዙን አስተካክሉ

የቁልፉን ጫፍ እዩት። ማዕዘኑ የተዶለዶመ ከሆነ በዚያ ቁልፍ አትሞክሩ። መጣልም የለበትም። ጫፉን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል በሞረድ ወይም በመሳያ ድንጋይ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ አዲስ ስለት ይወጣዋል። ጫፉ እንደ ኳስ የሆነ ቁልፍ ለነከሰ ብሎን አይሆንም፤ ማዕዘኑን የሚነካው በትንሽ ቦታ ብቻ ነው። በኢንች የተሠራ ቁልፍም ልኩ የቀረበ ይመስላል እንጂ ስለሚላላ ብሎኑን ይበላዋል።

ጫማውን የሚይዝ ሰው ይኑር። ሞርሳ ካላችሁ በጨርቅና በእንጨት ጠቅልላችሁ እሰሩት። እኔ ሞርሳ ስለሌለኝ መሬት ላይ ተቀምጬ ተረከዙን በሁለት ጉልበቴ መሃል ያዝኩት። ባለቤቴ ደግሞ ጫፉን ተጭና ያዘችልኝ።

የቁልፉን አጭር ጫፍ ጉድጓዷ ውስጥ ክተቱ። በመዶሻ ሁለት ጊዜ መታ አድርጉት። መጨረሻ ድረስ ይግባ። አንድ እጃችሁ ቁልፉን ወደ ታች በኃይል ይጫን። ሌላው እጅ ረጅሙን ጫፍ ያዙር። መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ማለትም ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ፣ በጣም ትንሽ ሞክሩ። የፀጉር ያህል ከተንቀሳቀሰ ዝገቱ ተሰብሯል ማለት ነው። ከዚያ ወደ ግራ። በአንድ ጊዜ አትዘርጥጡት። ጉልበቱን ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ ያዙት።

ቁልፉ መንሸራተት ሲጀምር እጃችሁ ያውቀዋል። ትንሽ "እልል" የሚል፣ የላላ ስሜት አለው። እዚያ ጋ ወዲያውኑ አቁሙ። አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክር የሚለው ሐሳብ ነው ብሎኑን የሚገድለው። ወደ ዘይቱ ተመለሱ።

ሲፈታ ደግሞ ይጮኻል። "ጢጥ" ይላል፣ ከዚያ እየተንቀጠቀጠ ይዞራል። ሩብ ዙር ከፈታችሁ በኋላ መልሳችሁ ትንሽ አጥብቁ፣ ዘይት ጨምሩ፣ እንደገና ፍቱ። እንዲህ እያላችሁ ከሄዳችሁ የዛገው ዱቄት ከጥርሱ ይወጣል። በአንዴ ለማውጣት ከተጣደፋችሁ ዱቄቱ መሃል ተሰንቅሮ ብሎኑ ሊሰበር ይችላል።

አሁንም እምቢ ካለ፦ ሙቀት

ሙቀት ብረትን ይለጥጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበስበዋል። ይህ መለጠጥና መሰብሰብ ዝገቱን ይሰብራል። ግን እሳት ወደ ጫማ አታስጠጉ። ሶሉ ይቀልጣል፣ የካርቦኑ ሙጫ ይለሰልሳል። ሬዲዮና ስልክ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ሊድ ማቅለጫ ካውያ ለዚህ የተሠራ የሚመስል ነገር ነው። ጫፉ ጉድጓዷ ውስጥ ልክ ይገባል፣ ሙቀቱም ብሎኑ ላይ ብቻ ያርፋል።

መጀመሪያ ዘይቱን በደንብ ጥረጉ፤ ይቀጣጠላል። መስኮት ክፈቱ። ካውያውን ሁለት ሦስት ደቂቃ ብሎኑ ውስጥ ያዙት። ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ መሽተት ከጀመረ አንሱት። ብሎኑ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ዘይት ጨምሩና እንደገና ሞክሩ። በእኔ ጫማ እስከ አምስተኛው ቀን ያስቸገረው ብሎን የተፈታው በዚህ ነው።

ራሱ ለተበላ ብሎን

ተስፋ አትቁረጡ። ከቀላሉ ጀምሩ።

ባለ ኮከብ ቁልፍ ቁጥር 25 ከ4 ሚሊ ሜትሩ ጉድጓድ በትንሹ ይሰፋል። የተበላው ራስ ላይ አስቀምጡና በመዶሻ ምቱት። ጥርሶቹ ብረቱን እየቀደዱ ይገባሉ። አንዴ ከያዘ ቀጥ አድርጋችሁ እየተጫናችሁ አዙሩ። ብዙ የተበላ ብሎን በዚህ ይወጣል።

ክሊታችሁ ፕላስቲክ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። መቼም ክሊቱ ሊጣል ነው። በፒንሳና በሴጌቶ ቆራርጣችሁ አውጡት። ፕላስቲኩ ሲወገድ የብሎኑ ራስ ከሶሉ በላይ ብቻውን ቆሞ ይቀራል። በሚቆለፍ ፒንሳ ጥርቅም አድርጋችሁ ያዙትና አዙሩ።

ብረት ክሊት ሆኖ አንዱ ብሎን ወጥቶ አንዱ ብቻ ከቀረ ሌላ ዘዴ አለ። ክሊቱን ራሱን እንደ ቁልፍ ተጠቀሙበት። ጫፉን በትልቅ ፒንሳ ይዛችሁ ወደ ግራ አዙሩት፣ ወይም ጎኑን በስካርፔሎ እየመታችሁ ግፉት። ክሊቱ ሲዞር የብሎኑን ራስ ይዞት ይዞራል። ሁሌ አይሠራም፤ ሲሠራ ግን ሌላ ምንም አያስፈልግም።

የመጨረሻው፦ መሰርሰር

የእኔ የመጀመሪያ ብሎን እዚህ ደርሷል። ሥራው ያስፈራል እንጂ ከባድ አይደለም።

የምንሰረስረው ብሎኑን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ራሱን ብቻ ነው። ራሱ ከተነሳ ክሊቱን የሚጨቁነው ነገር አይኖርም፣ ክሊቱ ይወጣል። የቀረው ግንድም ከጭነት ስለሚያርፍ ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይዞራል።

5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ግጠሙ። ከጫፉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ላይ ፕላስተር ጠቅልሉበት፤ ከዚያ በላይ እንዳይገባ ምልክት ይሆናችኋል። ጫማው ውስጥ እጅ አይኑር። የተበላችው ጉድጓድ ራሷ ፑንታውን መሃል ላይ ትይዘዋለች። ትራፓኖውን በዝግታ አዙሩ፣ ጠብታ ዘይት ጨምሩ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑ። ፍጥነት ፑንታውን ያቃጥለዋል። ቀለበት የመሰለ ብረት ፑንታው ላይ ተጠልፎ መዞር ሲጀምር ራሱ ተለይቷል። አቁሙ።

ክሊቱን አንሱ። ከሶሉ በላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ግንድ ይቀራል። ዘይት ጨምሩ፣ አሳድሩ፣ በሚቆለፍ ፒንሳ ይዛችሁ ወደ ግራ አዙሩ። የእኔው በጣት ሊዞር ምንም አልቀረውም ነበር። ያን ሁሉ ቀን ያለፋኝ ጥርሱ ሳይሆን ክሊቱን የነከሰው ራስ ነበር ማለት ነው።

ግንዱ ከሶሉ እኩል ከተሰበረ ባለ ሁለት ብሎን ጫማ ላይ ሳህኗን ከውስጥ አውጥታችሁ በሌላ መተካት ትችላላችሁ። ለብቻዋ ትሸጣለች፣ ከአሮጌ ጫማም ትወጣለች። ባለ ሦስት ብሎን ጫማ ላይ ግን ዳዶዎቹ ሶሉ ውስጥ የተቀበሩ ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ከሆነ ቶርኖ ቤት ውሰዱት። ብየዳ ሊያስጠጉት ከፈለጉ ግን ጫማችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

መልሶ መግጠም

የድሮዎቹን ብሎኖች አትመልሱ። ባይበሉ እንኳ ጣሏቸው። አዲስ ክሊት ብዙ ጊዜ ከነብሎኑ ይመጣል።

የሳህኗን ጥርስ በዘይትና በብሩሽ አጽዱ። አዲሱን ብሎን በጣት ብቻ አስገብታችሁ አዙሩ። እስከ መጨረሻ በጣት ከሄደ ጥርሱ ደህና ነው። ከተያዘ አታስገድዱ፣ አውጡና እንደገና አጽዱ። ከዚያ ጥርሱን በግራሶ ቀቡ። ክሊቱ ከሶሉ ጋር የሚነካካበትንም ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፤ ሲጢጥ ከማለት ያድናል።

ጥብቀቱ ከ5 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ ቁልፍ ከሌላችሁ እንዲህ አስቡት። የቁልፉን እጀታ ከብሎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ ስትይዙ 5 ኪሎ ዱቄት ለማንሳት የምታወጡትን ያህል ጉልበት ነው። ከዚያ በላይ ጥርሱን ይበላል። ሁለቱን እየተፈራረቃችሁ አጥብቁ። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ አንዴ መልሳችሁ ፈትሹ፤ ክሊቱ ሶሉ ውስጥ ሲሰምጥ ብሎኑ ትንሽ ይላላል።

በመጨረሻ የሻማ ቁራጭ አቅልጣችሁ የብሎኑ ጉድጓድ ላይ አንጠባጥቡ። ሲደርቅ ክዳን ይሆናል፤ አፈርም ውሃም አይገባም። መፍታት ስትፈልጉ በወስፌ አንዴ ብትጭሩት ይወጣል። በክረምት፣ ዝናብ ውስጥ ነድታችሁ ስትገቡ የውስጡን ሶል አውጥታችሁ ጫማውን በጋዜጣ ሙሉት። ምድጃ አጠገብ አታድርጉት። በየሦስት ወሩ ደግሞ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየፈታችሁ ግራሶ ቀቡ። አንድ በአንድ ያልኩት ክሊቱ ከቦታው እንዳይነቃነቅ ነው።

ጫማውን ተጫምታችሁ ከመውጣታችሁ በፊት በእጃችሁ ፔዳሉ ላይ ግጠሙት። ተረከዙን ወደ ውጭ አዙራችሁ አስለቅቁት። አሥር ጊዜ ያህል ግጠሙ፣ አስለቅቁ። ክሊቱ ሶሉ ላይ ከተንሸራተተ አልጠበቀም፣ ወደ ቁልፉ ተመለሱ። ካልተንሸራተተ ውጡና ንዱበት።